በጨው፣ በፍል ውኃና በውርጭ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት

(ለጀማዓው በንግግር ቀርቦ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት የተሰናዳ)



በዚህ መታሰቢያ መጽሔት ከሚወጡት ጽሑፎች አንዱ ስለ ፍጥረት እውቀት እንዲሆን በመታሰቡ፣ በቃል የቀረበው ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ እነሆ ቀርቦላችኋል። ርእሱ ሌላው ፍጥረት ሊቋቋመው በማይችለው ቦታ፣ ይኸውም በብርቱ ሙቀት፣ በጨው፣ በአሲድና በውርጭ ውስጥ ስለሚኖሩ ሕያዋን ነው።

“ይህ ለመካነ ሰላም ሰው ምን ይረባዋል?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን አስቀድሜ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ በዓለም ላይ ስለ ሕይወት ወሰን ከሚጠናባቸው ቦታዎች መካከል አንዱና ዋነኛው በአገራችን በአፋር ምድር ይገኛል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን በሕመም ጊዜ የተመረመርንበት ዘዴ የተገኘው ከፍል ውኃ በወጣች አንዲት ረቂቅ ፍጥረት ምክንያት ነው። ሦስተኛውና ለእኛ የቀረበው ደግሞ ከደጃፋችን ያለው ተራራ ራሱ እንዲህ ካሉት ቦታዎች አንዱ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንድ ፍሬ ነገር እናገኛለን። እርሱም፣ በአስቸጋሪ ቦታ የሚኖር ፍጥረት ብርቱ የሚሆነው በገዛ ቦታው ብቻ ነው፤ ቦታው ሲለወጥበት ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው የሚለው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጽሑፉን ስታነብ ይህን ነገር በልብህ ያዝልኝ።

1. ከማእድ ቤት የሚገኝ ትምህርት

ነገሩን ከሩቅ ከምንጀምረው ከቤታችን እንጀምረው። እናቶቻችን ሥጋውን ዘልዝለው፣ ጨውና በርበሬ ነስንሰው፣ በገመድ ሰቅለው ቋንጣ ሲያደርጉት ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ሥጋን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን፣ ባክቴሪያ የምንላቸው ናቸው። ጨው ከእነዚህ ሕያዋን ሰውነት ውኃውን መጥጦ ያወጣዋል። ውኃ ያጣ ሕያው ደግሞ ወይ ሥራውን ያቆማል ወይ ይሞታል።

እንቁላል ስንቀቅልም ሌላ ነገር እናያለን። ፈሳሽ የነበረው ነጩ ክፍል ይረጋል፤ ቢቀዘቅዝም ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም። ይህም የሆነው ሙቀቱ በእንቁላሉ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ቅርጹን ስላፈረሰው ነው። የእኛም ሰውነት፣ የባክቴሪያም ሰውነት ሥራውን የሚሠራው በፕሮቲን ነውና፣ ሙቀት ሲበረታ የሁላችንም ዕጣ እንደ እንቁላሉ ነው። ወተት ሲኮመጥጥ የሚረጋውም እንዲሁ በውስጡ የተፈጠረው አሲድ የወተቱን ፕሮቲን ስለሚለውጠው ነው።

እንግዲህ ጨው ያደርቃል፣ ሙቀት ያረጋል፣ አሲድም ያፈርሳል። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ በጨውም፣ በሙቀትም፣ በአሲድም ውስጥ ተደላድለው የሚኖሩ ፍጥረታት መኖራቸውን ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ከዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ “አስቸጋሪ ቦታ” የምንለው በእኛ ልክ ተለክቶ መሆኑን ነው። ለዓሣ የብስ ምድር ሞት ነው፤ ለእኛም ወንዝ ውስጥ ማደር ሞት ነው። ለእኛ እሳት የሆነው ቦታ ለሌላው ፍጥረት ቤቱና መኝታው ሊሆን ይችላል።

2. የአፋር ጨውና በውስጡ የሚኖሩት

አሞሌ ጨው ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገበያዎች እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ኖሯል። ይህ ጨው የሚቆረጠው በሰሜን አፋር፣ በደናክል ረባዳ ምድር ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት ሲደርቅ የተወው ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዳሎል በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ይህ ቀንና ሌሊቱ፣ በጋና ክረምቱ ተደምሮ የተገኘ አማካይ መሆኑን አስቡ። የአፋር ወንድሞቻችን በዚህ ሙቀት ውስጥ ከትግራይ ከሚመጡት ጋር ሆነው ጨውን በመጥረቢያ እየቆረጡና እየጠረቡ፣ በግመል ጭነው ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ ሲያወጡት ኖረዋል።

በዚያው ሜዳ አሳሌ የሚባል የጨው ሐይቅ አለ። ውኃው ጨው ከመጠን በላይ ስላለበት ዓሣ አይኖርበትም። ሆኖም በውኃው ውስጥ ከባክቴሪያ ወገን ያልሆኑ፣ ሊቃውንት አርኬያ ብለው የሚጠሯቸው ረቂቃን ሕያዋን ይኖራሉ። እነዚህ ጨው ወዳዶች ቋንጣውን ከሚጠብቀው ጨው ያመለጡት በአንድ ዘዴ ነው። በሰውነታቸው ውስጥ ፖታሲየም የተባለውን ጨው አብዝተው ያከማቻሉ። ውስጡም ውጭውም እኩል ጨዋማ ሲሆን የውጭው ጨው ውኃቸውን ሊመጥጥባቸው አይችልም። ፕሮቲናቸውም በጨው ውስጥ ብቻ ቅርጹን ጠብቆ እንዲሠራ ሆኖ የተበጀ ነው። ብዙዎቹ ቀላ ያለ ቀለም አላቸው፤ ይህም ቀለም ከፀሐዩ ብርታት ይጋርዳቸዋል። በዓለም ላይ የጨው ማምረቻ ኩሬዎች አንዳንድ ጊዜ ቀልተው የሚታዩት በእነርሱና በመሰሎቻቸው ምክንያት ነው።

ታዲያ ይህን ብርቱ ፍጥረት ወስደን እኛ ከምንጠጣው ጣፋጭ ምንጭ ውኃ ብንጨምረው ምን ይሆናል? ውኃው ወደ ሰውነቱ በኃይል ይገባና ፈንድቶ ይሞታል። ለእኛ ሕይወት የሆነው ውኃ ለእርሱ ሞቱ ነው ማለት ነው።

3. ዳሎልና የሕይወት ወሰን

በጨው ሜዳው ላይ ዳሎል የሚባል ጉብታ አለ። ከምድር በታች ያለው እሳተ ገሞራዊ ሙቀት ውኃውን ያፈላዋል፤ የፈላው ውኃ ጨውን፣ ድኝንና ብረትን አሟሙቶ ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1926 በቦታው የእንፋሎት ፍንዳታ ደርሶ ጉድጓድ ተከፍቷል። ምንጩ ከመሬት ሲወጣ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚሞቅበት ጊዜ አለ። የኩሬዎቹ አሲድ ከመኪና ባትሪ አሲድ የሚብስበት ቦታ አለ፤ ጨዉም ከባሕር ውኃ ወደ 10 እጥፍ ይደርሳል። ቢጫው፣ አረንጓዴውና ቡናማው ቀለም እንደ አበባ እርሻ ደምቆ ይታያል። ይህን ያየ ሰው “በዚህ ውስጥ አንድ የሚያድግ ነገር አለ” ቢል አይፈረድበትም። ቀለሙን የሰጡት ግን ብረትና ድኝ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ዳሎል ሁለት የጥናት ጽሑፎች ወጡ። አስቀድሞ የወጣው በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራው ቡድን ያዘጋጀው ሲሆን፣ ከዳሎል በተወሰደ ናሙና ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ሕያዋን ምልክት መገኘቱን ገለጸ። ከጥቂት ወራት በኋላ በፈረንሳይ የምትሠራው ፑሪፊካሲዮን ሎፔስ ጋርሲያ የመራችው ቡድን ሌላ ጽሑፍ አወጣ። ይህ ቡድን በተለያዩ ዓመታት ከብዙ ኩሬዎች ናሙና ወስዶ በልዩ ልዩ መንገድ ከመረመረ በኋላ የደረሰበት ውጤት ይህ ነው። በጨው ሜዳውና በዙሪያው ባሉት የጨው ውኃዎች ውስጥ ጨው ወዳድ ሕያዋን በብዛት አሉ፤ ብርቱ አሲድና ብርቱ ጨው በአንድነት በተገናኙበት በዳሎል ኩሬ ውስጥ ግን ሕይወት የለም። የማግኒዥየም ጨው በበዛበት ኩሬም እንዲሁ የለም፤ ይህ ጨው የሕያዋን ሰውነት የታነጸባቸውን ነገሮች አያያዛቸውን ያፈርሳልና። በማጉሊያ መሣሪያ ሲታዩ ሕያዋን የሚመስሉ ክብ ክብ ቅንጣቶችም የአሸዋ ዓይነት ማዕድን ሆነው ተገኝተዋል። ከሰው እጅና ከጎብኚዎች የመጣ ባክቴሪያም ናሙናን ሊያሳስት እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

በእኛ ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ሐዲስ ዘገባ ተቀባይነት ከማግኘቱ በፊት ዘጋቢው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማ፣ ታማኝነቱም ምን ያህል እንደሆነ አንድ በአንድ ይመረመራል። በሳይንሱም ዘንድ “አየሁ” ማለት ብቻውን አይበቃም። ያየኸው ሕያው ነው ወይስ ማዕድን? ከቦታው ነው ወይስ ከእጅህ? ተብሎ ይጠየቃል። የዳሎል ነገር በዚህ ዓይነት ጥያቄ በመፈተኑ ለዓለም ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ማርስን በመሳሰሉ ሌሎች ዓለማት ሕይወትን የሚፈልጉ ተመራማሪዎች “ውኃ ካለ ሕይወት አለ” የሚለውን አባባል እንዲያጤኑት አድርጓል። በዳሎል ውኃ ሞልቶ አለ፤ ነገር ግን ሕይወት ያልገባበት ውኃ ነው።

እንግዲህ ሕይወት እጅግ ሩቅ ድረስ ይሄዳል፤ ጨውን ብቻውን ይችለዋል፤ አሲድንም ብቻውን የሚችል አለ፤ ሁለቱ ከልክ በላይ ሆነው ሲደራረቡ ግን የሚቆምበት ወሰን አለው። ለሁሉም ልክ ያበጀለት አላህ (ሱ.ወ.) ጥራት ይገባው።

4. ከፍል ውኃ የተገኘ መድኅን

ፍል ውኃ ስንል ብዙ ጊዜ የሚታወሰን መታጠብና መታከም ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በፍል ውኃ አጠገብ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ሊቃውንት የሚፈላ ምንጭ ከባክቴሪያ የጠራ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቶማስ ብሮክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የሎውስቶን በሚባለው የአገሩ ፓርክ ፍል ውኃዎችን ሲመረምር፣ 70 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ አገኘ። ከረዳት ተማሪው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋር ሆኖ በ1969 ስሙንና ጠባዩን በጽሑፍ አሳወቀ። ስሙም ቴርመስ አኳቲከስ ተባለ።

በወቅቱ “ይህ ምን ይጠቅማል?” ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር መልስ ባልተገኘለት ነበር። መልሱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ካሪ ሙሊስ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የሕያዋንን የዘር ጽሑፍ፣ ማለትም ዲኤንኤን፣ እያባዙ ለምርመራ የሚያበቁበትን ዘዴ አሰበ። ዘዴው ፒሲአር ይባላል። በዚህ ዘዴ ዲኤንኤው ወደ 95 ዲግሪ እንዲሞቅ ይደረግና ሁለት ክሮቹ ይለያያሉ፤ ቀዝቀዝ ሲል በእያንዳንዱ ክር ላይ አዲስ ቅጂ ይሠራል፤ ይህም ይደጋገማል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። ችግሩ ቅጂውን የሚሠራው ፕሮቲን በየዙሩ እንደ እንቁላል እየረጋ መበላሸቱ ነበር። ከፍል ውኃዋ ባክቴሪያ የተገኘው ፕሮቲን ግን በዚያ ሙቀት አይበላሽም። እርሱ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ዘዴው በመላው ዓለም ተስፋፋ፤ ሙሊስም በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አንባቢ ሆይ፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መስጊዶቻችን የጀማዓ ሶላት እስከማቆም የደረሱበትን ወቅት ታስታውሳለህ። ያኔ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ናሙና ተወስዶ “አለበት” ወይም “የለበትም” ይባል የነበረው በዚህ በፒሲአር ዘዴ ነው። ኤች.አይ.ቪ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ደሙ የሚመረመረው፣ የሳንባ ነቀርሳም በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራት የፍል ውኃ ነዋሪ የስንቱን ሰው በሽታ በጊዜ አስለየች! ሱብሓነላህ!

ይህችም ባክቴሪያ የምትራባው በሙቀት ውስጥ ነው። ለእኛ ደስ በሚለን በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ ብትቀመጥ አትራባም። እ.ኤ.አ. በ2008 በጥልቅ ባሕር ውስጥ ከሚፈልቅ ፍል ውኃ የተገኘ ሌላ ረቂቅ ፍጥረት ደግሞ በ122 ዲግሪ ሲራባ ታይቷል። ለእርሱማ የሚፈላ የሻይ ውኃ እንኳን ቀዝቃዛ ነው ማለት ይቻላል።

5. የሶዳ ሐይቆች

ከደናክል ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆውን ይዘን ብንወርድ ሻላን፣ አቢጃታንና ትንሹን የጪቱ ሐይቅ እናገኛለን። የእነዚህ ሐይቆች ውኃ የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በጪቱ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ስፒሩሊና የሚባል ደቂቅ ፍጥረት ነው። ፍላሚንጎ የምትባለው ቀይ ዳማ ወፍ አንገቷን ዘቅዝቃ በምንቃሯ እያጠለለች የምትመገበው እርሱን ነው። በቻድ አገር የካኔም እናቶች ይህንኑ ከሐይቅ ዳር ቀድተው፣ በአሸዋ ላይ አድርቀው፣ ለወጥ ይሠሩበታል።

የአገራችንም ምሁራን በዚህ መስክ የድርሻቸውን ሠርተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና ሲመራመሩ የኖሩት አማረ ገሠሠ ሶዳ ወዳድ ባክቴሪያዎችን ሲያጠኑ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱን በኑግ ፋጉሎ ላይ በማሳደግ በሶዳ ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን አፍራሽ ኢንዛይም በርካሽ ማምረት እንደሚቻል አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ኢንዛይም ለልብስ ሳሙናና ለቆዳ ፋብሪካ የሚውል ነው። እኛ ለከብት የምንሰጠው ፋጉሎ ለዚህ መብቃቱ ያስደንቃል።

ዳሩ ግን የአቢጃታ ነገር አሳዛኝ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝና የምንጩ የዝዋይ ውኃ ለመስኖ በመጠለፉ፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ በመቀዳቱ ሐይቁ እጅግ ሸሸ። ጨውነቱ ስለበረታ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣውን እየበሉ በሻላ ደሴት ላይ የሚራቡት ይብራዎችም ምግባቸው ራቀባቸው። ሶዳን የሚችል ፍጥረት ሁሉ የሚችለው እስከ ተለካለት መጠን ድረስ ነው። መጠኑ ሲያልፍ “ችግር ለምዷልና ይችለዋል” ማለት አያዋጣም።

6. የራሳችን ተራራ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በኅዳርና በታኅሣሥ ለፈጅር ሶላት ዉዱእ ስናደርግ ውኃው እጅን እንዴት እንደሚቆረጥም እናውቀዋለን። መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ወደ 4 ሺህ ሜትር በሚጠጋው በአምባ ፈሪት ላይ ምን ሊሆን ነው? በዚያ ከፍታ ሌሊት ምድሩ ውርጭ ይለብሳል፤ በነጋታው ደግሞ ቀጭኑን አየር አልፎ የሚመጣው ፀሐይ ቆዳ ይልጣል። ከአንድ ቀን ወደ አንድ ቀን እንዲህ ብርዱንና ሐሩሩን የሚያፈራርቅ ቦታ ለሚበቅል ነገር ሁሉ ፈተና ነው።

በዚህ ፈተና ውስጥ ጅብራ ይኖራል። ቅጠሎቹ እንደ አክሊል ዙሪያውን ተደራርበው ከመካከላቸው ያለውን ለጋ ቡቃያ ያቅፉታል። በኬንያ ተራራ ያሉት ዘመዶቹ ሲመሽ ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ቡቃያውን ከውርጭ እንደሚከልሉ በጥናት ታውቋል። የእኛው ጅብራ ለብዙ ዓመት ሳያብብ ያድጋል፤ ከዚያም ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ነገር እረኞቻችን ቢያውቁት መልካም ነው። ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር ሳይተው ቀረ ማለት ነው።

ከጅብራው ጋር ጓሳውና አስታው አሉ። በጓሳው ሥር የሚርመሰመሱትን አይጦች እያደነ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ሣር እየነጨ ይውላል። ሁለቱም በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም። የቀይ ቀበሮ ቁጥር በመላው አገሪቱ አዋቂው ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል። ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የእኛው የደንቆሮ ጫካና በላዩ ያለው ደጋ፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ነው።

ከእነዚህ ፍጥረታት ጋር ሰውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን ደም መርምረው ነበር። በዚያ ከፍታ ከአየሩ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው የሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት ደማቸው ወፍሮ ነው። የእኛዎቹ ደም ግን በዝቅተኛ አገር እንዳለ ሰው ደም ሆኖ ተገኘ፤ የሚሸከመውም ኦክስጅን እንዲሁ። ከደጋ ደጋ ስንወጣ ስንወርድ የማይታወቀን ነገር ለዓለም ሊቃውንት መደነቂያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በሰውና በጅብራ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ሰው ቢከፋው ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ቢመቸው ይመለሳል። ጅብራና ቀይ ቀበሮ ግን እንደ ጨው ወዳዱ ረቂቅ ፍጥረት ናቸው። እኛ “ጥሩ አየር” ወደምንለው ሥፍራ ወርደው ሊኖሩ አይችሉም። ምድር ስትሞቅ ብርዱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ እነርሱም ብርዱን ተከትለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከተራራው ጫፍ ሲደርሱስ? ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደሳለኝ ጫላ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ እ.ኤ.አ. በ2080 ለጅብራ ከሚስማማው ቦታ ከመቶው አራት እጅ እንኳን ላይቀር እንደሚችል ተንብየዋል። ከላይ ሙቀቱ፣ ከታች ደግሞ የመሬት ጥበት ያስጨነቀው ገበሬ የገብስ ማሳውን እየገፋ ይወጣል። ፍጥረቱ በሁለቱ መካከል ተይዟል።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

የምድርን ሙቀት እኛ ብቻችንን አንመልሰውም። በእጃችን ያለው ግን ጥቂት አይደለም።

አንደኛ፣ ጅብራና አስታ ለማገዶ አይቆረጡ፤ ጓሳውም አይታረስ። በከፍታው ላይ የታረሰ መሬት አፈሩ በጥቂት ክረምት ታጥቦ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የሚገኘው ገብስ ከድካሙ አይመጣጠንም። ጓሳው ግን ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጮቻችን ይለቃል። የመስጊዳችን የዉዱእ ውኃ፣ የከብቶቻችንም ውኃ መነሻው የደጋው ዝናብ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሾቻችንን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እናስከትብ። በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ከእረኛ ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ በተለያዩ ዓመታት፣ በ1991ና በ2003 እ.ኤ.አ. ጭምር፣ ብዙዎችን ፈጅቷል። ክትባቱ ቀበሮውን ብቻ አይጠብቅም፤ ልጆቻችንንም ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ በጋራ ለመጠበቅ እንስማማ። ለዚህ የሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ መሬት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ “ቄሮ” በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ መሬቱን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ሲጎመራ በተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ ሁሉም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት የሚሆነውን በሥርዓት ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ዘግይቶ በሌላ መልክ አቋቁሞታል። በዚህም ጓሳውም፣ ቀይ ቀበሮውም፣ ጭላዳውም እስከ ዛሬ አሉ። በመንዝ የተቻለው በቦረናና በሳይንት የማይቻልበት ምክንያት የለም። ሸኾቻችንና ሽማግሌዎቻችን ለሠርግ፣ ለእርቅና ለዱዓ ሲሰበስቡን “እሺ” እንደምንለው ሁሉ፣ ስለ ተራራው ቢሰበስቡን ጆሮ የማይሰጥ አይኖርም።

ውድ አንባቢያን! አንዲት የፍል ውኃ ነዋሪ ለስንት ሕመምተኛ እንደተረፈች አይታችኋል። በጅብራው ሥር፣ በጓሳው አፈር ውስጥ፣ በውርጭ የሚኖሩ ረቂቃን ገና አንድ በአንድ አልተጠኑም። ምን እንደያዙ ሳይታወቅ ቢጠፉ፣ ያልተነበበ ኪታብ እንደማቃጠል ይቆጠራል። ከመስጊዳችን ለመማር ለሚወጡ ወጣቶች ሁሉ የማሳስበው ይህን ነው። ባዮሎጂ ስትማሩ የውጭ አገሩን ብቻ አትዩ፤ ክረምት ስትመለሱ ደጋውን ውጡት፤ የምታዩትንም ጻፉት። ለአባቶችና ለእናቶች ደግሞ፣ ይህ ተራራ ከወላጆቻችን የተቀበልነው፣ ለልጆቻችንም የምናስረክበው አማና መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚውን እውቀት ይስጠን፤ ምንጫችንን አያድርቅብን፤ ለዝናባችንና ለምድራችን በረካ ያድርግልን። አሚን።